ውሌ እስከ ረቡዕ ጠዋት ነበር

መኪና ነበረኝ ስል ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአውቶቡስና በእግሬ ስመላለስ ያዩኝ ልጆች ምን ይበሉ? ግን ነበረችኝ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ከውጭ ሲያዩዋት የነጂው ጭንቅላት ብቻ ብቅ የሚልባት ትንሽ የስፖርት ፊያት። ከዓርብ ማታ እስከ ረቡዕ ማታ የኔ ነበረች። ይህን የምጽፍላችሁ ደስ የሚል ወሬ ሆኖ አይደለም፤ ብቻዬን ተሸክሜው ስለደከመኝ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ የሰባዎቹ እኩሌታ ገደማ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ነፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ቤቴ ከላፍቶ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው አቧራማ መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ናት። ጠዋት የአውቶቡስ ሰልፍ፣ ከሥራ መልስ የስኳር ሰልፍ፣ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ። አጨብጭቡ ሲሉን እናጨበጭባለን፣ ተነሱ ሲሉን እንነሳለን። እንቅልፍ የማያወጣው ድካም አለ አይደል? እሱ ነበረብኝ።

በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት የማትረባ ምኞት ነበረችኝ። ሰው ቮልስ ይመኛል፤ ቮልስ ቁም ነገረኛ መኪና ናት፣ ትጭናለች፣ ጭቃ ትወጣለች። እኔ የተመኘሁት ምንም የማትጭን፣ ዝም ብላ የምትሮጥ ነገር ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ በሕይወቴ ያለው ነገር ሁሉ ቁም ነገር ስለነበረ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየቆነጠርኩ አስቀመጥኩ።

ባለቤቴ ጽጌ ትቀልድብኝ ነበር።

“ሁለት በር ብቻ? ልጆቹን በመስኮት ልትወረውርልኝ ነው?”

“ወንበሩ ይታጠፋል።”

“እናትህስ ይታጠፉልሃል?”

“እሳቸው በአውቶቡስ ይሄዳሉ።”

“እኔስ?”

“አንቺማ ከፊት ነሽ።”

ያን ጊዜ ሳቀች። ገንዘቡ ትንሽ ሲጎድል ግን ሐብሏን ከአንገቷ አውልቃ “እንካ፣ ሲከብደኝ ነበር” አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ የእናቷ ሐብል ነበር።

መኪናዋን የጠቆመኝ የፋብሪካችን መካኒክ ነው። ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ባለቤቱ አቶ ኤርምያስ ይባላል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሐንዲስ፣ ከደቡብ የመጣ፣ በቁመናም በመልክም እኔን የሚመስል ቀጭን ሰው። ቤቱ እዚያው ነፋስ ስልክ፣ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ወደ ግቢው አስገባኝና መኪናዋን ሳልነካት ማውራት ጀመረ።

“መጀመሪያ ጉድለቷን ልንገርዎት። ሦስተኛ ማርሿ አንዳንዴ አይዝም። የግራ መስኮቷ አይወርድም። ዝናብ ያደረ ለት ጠዋት አትነሳም፤ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማድረቅ ነው። ፍሬን ሲይዙ ወደ ግራ ትስባለች።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለባትም።”

የመኪና ሻጭ ጉድለት ሲዘረዝር ሰምቼ አላውቅም። “ይህ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ጴንጤ ነው” አልኩ በሆዴ። ጴንጤ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔ በዚያን ጊዜ ለጴንጤ ፍቅር አልነበረኝም። የጠራልኝ ዋጋ ግን ከገበያው ግማሽ ስለነበር ሃይማኖቱን ረሳሁለት።

“ለምን እንደሚሸጧት ልጠይቅዎት?”

“ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል” አለ። ከዚያ ቁልፉን አወጣና፣ “አንድ ነገር አለ። ውሉን ዛሬ እንፈርማለን፣ ቁልፉንም ይወስዳሉ። ግን እስከ ረቡዕ ጠዋት ድረስ ማታ ማታ እዚሁ ግቢ ትደር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥተው ያወጧታል፣ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይመልሷታል። በሩን ባለቤቴ ትከፍትልዎታለች። በእግርዎ ሲገቡም ሲወጡም በጓሮ በር ይሁን፤ ለአውቶቡሱም ይቀርብዎታል።”

“ከረቡዕ በኋላስ?”

“ከረቡዕ ጠዋት በኋላ የትም ይውሰዷት። ስሙንም ያለ እኔ ማዛወር እንዲችሉ ውክልና ጽፌልዎታለሁ።”

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። ሰውዬው ተቸግሯል፣ መኪናውን ሸጦ መብላቱን ጎረቤት እንዳያይበት ነው። የኛ ሰው ጦሙን አድሮ የበላ ለመምሰል ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። አባቴ ራሱ ዕዳ ገብቶ በቅሎውን የሸጠ ጊዜ ገዢውን እስከ ጥምቀት አቆይልኝ ብሎ ለምኖ፣ በተሸጠች በቅሎ ላይ ተቀምጦ ታቦት ሸኝቷል። እኔም ይህን እያወቅሁ የሰው ገመና አልገልጥም ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያውም አዘንኩለት። ፈርመን ተጨባበጥን፤ እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ጽጌን አሳፍሬ ወደ ፉሪ ነዳሁ። መንገዱ ያኔ ገጠር ነው፣ ከብት ያቋርጣል፣ አቧራው ዓይን አያስከፍት። ሦስተኛ ማርሽ ሁለቴ አመለጠኝ። ጽጌ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ “ቀስ በል፣ የማርያም ልጅ!” እያለች ትጮኻለች፣ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ከተጋባን ወዲህ አላየኋትም። በሕይወቴ ደስ ያለኝ ቀን ቁጠር ብትሉኝ እሱን ነው የምቆጥረው። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን እሷን አውርጄ መኪናዋን መለስኩ። እሁድ አልነዳኋትም፤ ቤንዚን በኩፖን ነበር።

ሰኞ ማታ ግቢ ገብቼ ሞተር ሳጠፋ የኤርምያስ ባለቤት ወይዘሮ ራሔል በሩን ዘግታ ወደ እኔ መጣች። ሌላ ቀን “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብላ ነበር የምትገባው። ያን ቀን ዓይኗ ቀልቷል።

“ጋሽ አስፋው፣ ትንሽ ይግቡልኝ።”

ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ወለል ላይ ተቀምጣ ለአሻንጉሊቷ ልብስ ታጥፋለች። ፌበን ትባላለች አለችኝ እናቷ።

“የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዛሬ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት?” አለች ራሔል። “‘ባልሽ ኮርቷል፣ ቅዳሜ ማታ ሲገባ ሰላም ብለው አልመለሰልኝም’ አለኝ።”

“ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?”

“እርስዎን እኮ ነው።”

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ወንበር ሳልባል ተቀመጥኩ። ኤርምያስ የለም። ቅዳሜ ሳይነጋ ሄዷል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር፤ አብረውት ከሚጸልዩት ሁለቱ ተይዘው ታሥረዋል፣ የሱም ስም ተነስቷል። እሱ ወደ ሞያሌ ሄዷል። እሷና ልጅቷ የሚከተሉት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሲያገኙ ነው። ያኔ ያለ ይለፍ ከከተማ የሚያስወጣ የለም። አገር ቤት ለቅሶ አለብኝ ብላ አመልክታለች። ባሏ መጥፋቱ ከታወቀ ግን ይለፍ ቀርቶ ከደጇም አትወጣም። ለዚህ ነው ቀይዋ መኪና ጠዋት መውጣት፣ ማታ መግባት የነበረባት። ሊቀመንበሩ ኅብረት ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ መኪናዋ ስትገባ ኤርምያስ ገባ ይላል።

“ይለፉ ዛሬ ይሰጠኛል ብለን ነበር” አለች፤ “ነገ ተመለሽ አሉኝ። ስለዚህ የምንሄደው ረቡዕ ሳይነጋ ነው። አንድ ቀን ተንሸራተተብን።”

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። መጮኽ ግን አልቻልኩም፣ ጎረቤት ይሰማል፤ ድምፄን አፍኜ ነው የተሳደብኩት። “እኔ ሚስትና ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ! አይጥ በበላ ዳዋ ልመታ ነው? ባልሽ መስኮት አይወርድም ብሎ ሲነግረኝ ይህን ለመንገር ምላሱ ተያዘ?” አልኳት። እርስዎ ማለቱንም ረሳሁት።

“ቢያውቁ እሺ ይሉን ነበር?” አለች።

“አልልም ነበር!”

“እኛም ያንን ፈርተን ነው። አጥፍተናል። ይቅር ይበሉን።”

ገንዘቤን መልሺ እንዳልላት ገንዘቡ አብሮት ሄዷል። ተነስቼ በጓሮ በር ወጣሁ። ልጅቷ “ደህና ይደሩ ጋሼ” ስትል ከኋላዬ ሰማሁ፤ አልመለስኩላትም። ቤቴ ገብቼ ለጽጌ ምንም አልነገርኳትም። ራት አልበላ ስል “መኪናዋ ተበላሸች?” አለችኝ። አዎ አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። በደግነት ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ብቀር ነገሩ ይነቃል፣ ከነቃ ደግሞ ውሉ ላይ የኔ ስም አለ። ፈርቼ ነው የሄድኩት። መኪናዋን ሳወጣ ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ነበር። ወፍራም፣ ካኪ የለበሰ፣ ጋዜጣ የያዘ። ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋሁና እጄን ከማይወርደው መስኮት ኋላ አነሳሁለት። እሱም አነሳልኝ። ከዚያ አንስቶ ፋብሪካ እስክደርስ ሸሚዜ ውሃ ሆኖ ነበር።

ማታ ስመለስ ራሔል ይለፉን ይዛ ጠበቀችኝ። የግቢውን ቁልፍ ሰጠችኝ።

“ሞያሌ የምንደርሰው ሐሙስ ከሰዓት ነው” አለች። “የእርስዎ ውል እስከ ረቡዕ ጠዋት ነው። ነገ ጠዋት አውጥተው ይውሰዷት። ከዚህ በላይ አንለምንዎትም።”

ሐሙስ ድረስ ያለውን አንድ ቀን ሁለታችንም ቆጠርነው፤ አልተናገርነውም።

ረቡዕ ጠዋት ቤቱ ባዶ ነበር። ሱቁ ገና አልተከፈተም፤ ወርጄ በሩን ዘጋሁና ነዳሁ። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ከረጢት ስቆጥር ሦስቴ ተሳሳትኩ። ውሉ አልቋል፣ መኪናዋ የኔ ናት፣ ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም። ከሥራ ወጥቼ መንታ መንገዱ ላይ ስደርስ ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ወደ ቀኝ ቤቴ፣ ጽጌና ልጆቹ። ወደ ግራ የኤርምያስ ደጅ። ዛሬ ማታ መኪናዋ ካልገባች ሊቀመንበሩ “ኤርምያስ የት አደረ?” ይላል። በሩን ያንኳኳል። ቤቱ ባዶ ነው። ነገ ጠዋት ለመንገድ ኬላዎቹ ስልክ ይደውላል፤ አውቶቡሱ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው።

አሥር ደቂቃ ያህል እዚያ ቆምኩ። ሃያ ጊዜ “ምን አገባህ፣ አስፋው” አልኩ። ራሴን ሰደብኩ፣ ኤርምያስን ሰደብኩ፣ ያቺን “ደህና ይደሩ ጋሼ” ያለችኝን ልጅ እንኳ ሰደብኩ። ከዚያ አስነሳሁና ወደ ግራ ታጠፍኩ። እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቀውም።

ያን ቀን ለሱቁ ዘይት መጥቶ ቀበሌው በሙሉ ሰልፍ ላይ ነበር። ሌላ ማታ ራሔል ስለምትከፍት ሰው እያየኝ ከመኪና ወርጄ አላውቅም፤ አሁን መውረድ ግድ ሆነ። የመጋዘን ካፖርቴን እንደለበስኩ ወረድኩ። ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከትቼ ባዞረው አልዞር አለኝ።

“አንተ ማነህ?” አለኝ ከኋላዬ።

ዞርኩ። ሊቀመንበሩ ነው፣ ጋዜጣውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል።

ውሉ በደረት ኪሴ ነበር። ወረቀቱን ባወጣው እኔ ንጹሕ ገዢ ነኝ፣ መኪናዋም የኔ ናት። ግን ዓርብ የተፈረመ ነው፤ ኤርምያስ መኪናውን ሸጦ መጥፋቱን ጮኾ ይናገራል። ካላወጣሁት መኪናዋ የኔ አይደለችም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አፌን እስክከፍት ድረስ ነው።

“መካኒክ ነኝ፣ ጓድ።”

“ኤርምያስስ?”

“ዛሬ ከመሥሪያ ቤቱ ለመስክ ሥራ ወጥቷል። መኪናዋን ሠርቼ ግቢ እንዳቆምለት ነግሮኝ ነው። ነገ ማታ ይመለሳል።”

“ሚስቱ ለቅሶ፣ እሱ መስክ” አለና ካፖርቴን ከላይ እስከ ታች አየው። “ምኗ ነው የታመመው?”

“ሦስተኛ ማርሿ አይዝም። የግራ መስኮቷ አይወርድም። ካንዴላዎቿ እርጥበት አይወዱም። ፍሬኗ ወደ ግራ ይስባል።” እንደ ውዳሴ ማርያም ወረደልኝ።

ሊቀመንበሩ ግን መስማት ትቶ ነበር። የመኪናዋን በር ከፍቶ ገባ። ወፍራም ስለሆነ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱን አየሁት። ያ ፊት ቅዳሜ ለት የኔ ፊት ነበር።

“ይቺ ነገር ትሮጣለች አይደል?”

“ትሮጣለች፣ ጓድ።”

“የመኪናዋን ቁልፍ ለኔ ስጠኝ። ነገ ሲመጣ ከኔ ይቀበላል። መኪናዋም ሱቁ ጎን ትደር፣ ዘበኛ አለ።” እጁን ዘረጋ። “መታወቂያህንም አሳየኝ።”

ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። “መታወቂያዬ ጋራዥ፣ ኮቴ ውስጥ ቀርቷል” አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ፤ ድምፁን ሲሰማ ፈገግ አለ። “ሂድ በቃ፣ ሂድ” አለኝ። ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ ሄድኩ። ልሩጥ የሚለኝን እግሬን በግድ እያራመድኩት ነበር።

ከነፋስ ስልክ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት። ጽጌ ደጅ ላይ ቆማ ነበር፤ ረቡዕ መኪናዋን ለዘለቄታው ይዤላት እንደምመጣ ነግሬያት ስለነበር ለልጆቹ አዲስ ልብስ አልብሳለች። ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገባችና አንድ በአንድ ነገርኳት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። እጇ ሐብሏ ወደነበረበት ቦታ ሄዶ ቀረ። ታለቅሳለች ወይ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

“ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?” አለችኝ።

“ስድስት ይሆናታል።”

“እንግዲያ ተወው” አለች። ውሉን ከነውክልናው ከኪሴ አውጥታ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እስኪነድ ድረስ አብረን አየነው። በማግስቱ ሕመም አስመስዬ ፈቃድ ጠየቅኩና ፉሪ ወንድሟ ዘንድ ሁለት ሳምንት ተደበቅሁ። የመጣብኝ ሰው የለም። መኪናዋ የከዳተኛ ንብረት ተብላ ተወረሰች አሉ። ሊቀመንበሩ ሲነዳት አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ አንዴ አይደለም።

ይህን ያነበባችሁ ሰዎች ጀግና እንዳትሉኝ። ዓርብ ለት እውነቱን ቢነግሩኝ ሰላም ሳልላቸው እወጣ ነበር። ሰባት ዓመት ያጠራቀምኩትን አጥቻለሁ፤ ሁለተኛ መኪና ለመግዛት ጉልበቱም ምኞቱም አልተመለሰልኝም፤ ለጽጌም ሐብል አልገዛሁላትም። አንዳንድ ማታ እግሬን ሲያመኝ ኤርምያስን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። የተለወጠው ነገር አንድ ነው። እኔ አጨብጭብ ሲባል የማጨበጭብ፣ ተነስ ሲባል የምነሳ ሰው ነበርኩ። ያን ረቡዕ ማታ ግን ወደ ግራ ታጠፍ ያለኝ ማንም የለም። ከዚያ በኋላም አጨብጭቤያለሁ፣ ተነስቻለሁም፤ ነገር ግን ራሴን እንደ በፊቱ አልናቅሁትም። እናንተም አንድ ቀን መንታ መንገድ ላይ ሞተር አጥፍታችሁ ብትቆሙ፣ ልብ ሳይሞላም መሄድ እንደሚቻል እወቁት።

መድረሳቸውን አላውቅም። መንግሥት ሲለወጥ ያ ቤት ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር፤ የጠየቅኳቸው ጎረቤቶች ምንም አልሰሙም። ደርሰው ከሆነ ፌበን ዛሬ የልጆች እናት ናት። አንዳንዴ ድንገት ትዝ ሲለኝ፣ “ጽጌ፣ ደርሰው ይሆን?” እላለሁ።

“ደርሰዋል” ትለኛለች፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

በምን አወቅሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እንደማታውቅ አውቃለሁ።